ዝቋላን በእግር ለምትሄዱ፦ የጫማና የካልሲ ነገር

ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቋላ በእግሬ ስሄድ ጫማዬን የገዛሁት ከመንገዱ ሁለት ቀን በፊት ነበር። ወፍራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቡትስ። ካልሲዬ ደግሞ ሥራ ስሄድ የማደርገው የጥጥ ካልሲ ነው። ከቢሾፍቱ ተነስተን ገና ተራራው ግርጌ ሳንደርስ ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ዳገቱ ላይ ፈነዳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የአውራ ጣቶቼ ጥፍር ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ውሎ ጠቆረ። አብረውን ይሄዱ የነበሩ አንዲት እናት እግሬን አይተው «ልጄ፣ አዲስ ጫማ ለበዓል እንጂ ለመንገድ አይሆንም» አሉኝና ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው ሰጡኝ። እሳቸው ያደረጉት አሮጌ ሸራ ጫማ ነበር። ክሩ በቋጠሮ ተቀጣጥሏል፣ ቀለሙ ለቋል፣ እግራቸውን ግን በደንብ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ደጋግሜ ሄጄዋለሁ። እንጦጦም፣ መናገሻ ሱባም፣ ሰሜን ተራሮችም ሄጃለሁ። ይህንን የምጽፈው በየዓመቱ የዝቋላ አቦ በዓል ሲደርስ ጓደኞቼ «የትኛውን ጫማ ልግዛ?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ ነው። መልሴ ሁልጊዜ ከካልሲ ይጀምራል፣ እነሱም ሁልጊዜ ይገረማሉ።

መጀመሪያ መንገዱን እወቁት

የዝቋላ ተራራ ጫፉ 2,989 ሜትር ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ሜዳውን ጨርሳችሁ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ያንኑ ትወርዳላችሁ። ሰው ዳገቱን ይፈራል። እግርን የሚያበላሸው ግን ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ሳንባ ይፈትናል፣ ቁልቁለት ጣት።

ንግሡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። ቀኑ ለጫማ ምርጫም ለውጥ አለው። በጥቅምት ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ የሜዳው መረሬ አፈር አንዳንድ ቦታ እርጥብ ነው። መረሬ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሶሉ ላይ እየተጋገረ በየእርምጃው ይከብዳል። በመጋቢት ያው አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ብዙ ሺህ ሰው ሲረግጠው ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ያ አቧራ በጫማው ቀዳዳ ገብቶ ከላብ ጋር ሲቀላቀል ካልሲያችሁ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

እግር የሚላጠው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፤ እርጥበት፣ ሙቀትና መፋተግ። ከሦስቱ አንዱን ብትቀንሱ እንኳን ትልቅ ለውጥ አለው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ለመቀነስ ነው።

እግራችሁን ለኩ፣ በማታ

«እኔ 41 ነኝ» ብሎ መሄድ አይበቃም። አንዱ ፋብሪካ 41 የሚለው ሌላው ጋ 40 ሊሆን ይችላል። እግር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበትና ሲሄዱበት ያብጣል። ጠዋት የለካችሁት ጫማ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጫማ ነው።

ስለዚህ ማታ፣ ከሥራ ስትመለሱ፣ ለመንገድ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙ። ተረከዛችሁ ግድግዳ ይንካ። ክብደታችሁን እግሩ ላይ ጣሉ፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል። ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት አውራው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ከአውራው ቀጥሎ ያለው ጣቱ ይበልጣል። ሁለቱንም እግር ለኩና ትልቁን ያዙ። አብዛኛው ሰው አንድ እግሩ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል።

ያንን በሴንቲ ሜትር ጻፉትና ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ብዙ ስፖርት ጫማ ምላሱ ላይ የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ አለው፣ እሱ ላይ ከቁጥሩ ጋር ሴንቲ ሜትሩም ይጻፋል። ለመንገድ ከጣታችሁ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር በሉት። እኛ የምንጠቀምበት የአውሮፓ ቁጥር በየአንዱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚጨምር፣ ለቢሮ 41 የሚያደርግ ሰው ለረጅም መንገድ 42፣ አንዳንዴም 43 ያስፈልገዋል። ይህንን ስነግራቸው «ትልቅ ጫማ እግሬ ውስጥ ይዋኛል» የሚሉኝ አሉ። አይዋኝም። ተረከዙና መሀሉ በክር በደንብ ከተያዘ የሚተርፈው ቦታ ፊት ለፊት፣ ጣቶች ጋ ብቻ ነው፣ እኛም የምንፈልገው እዚያ ነው።

የትኛው ዓይነት ጫማ?

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር፤ ለዝቋላና ለመሳሰሉት የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገዶች ቀለል ያለ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ አጭር የስፖርት ጫማ ከቡትስ ይሻላል። ምክንያቱን በሒሳብ ላሳያችሁ። 30 ኪሎ ሜትር መንገድ በ75 ሴንቲ ሜትር እርምጃ 40,000 እርምጃ ነው። አንዱ እግር 20,000 ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። ጫማችሁ ከሚያስፈልገው በላይ ሩብ ኪሎ ቢከብድ በአንድ እግር ብቻ 50 ኩንታል በትርፍ ታነሳላችሁ። ይህ ማታ ጭናችሁ ላይ ይቆጠራል።

ከስክስ አድርጎ የሚሄድ ሰው በየዓመቱ አያለሁ። ጠንካራ ነው፣ እሾህ አያልፈውም፣ ለዓመታት ያደረገው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ካልለመዳችሁት ግን ለመንገድ ብላችሁ እንዳትገዙት። ይከብዳል፣ አየር አያስገባም፣ እስኪለሰልስ ወራት ይፈጃል። ቡትስ ትርጉም የሚሰጠው ከባድ ጭነት በጀርባ ስትሸከሙ፣ ወይም እንደ ሰሜን ተራሮች ለቀናት ድንጋያማ መንገድ ስትሄዱ፣ ወይም ቁርጭምጭሚታችሁ ቶሎ የሚወለም ከሆነ ነው።

ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሸጠውን ጫማ በተመለከተ፤ ለመጋቢት በፍጹም አልመክርም። ውሃ የማያስገባው ሽፋን ላብም እንደ ልብ አያስወጣም። ውሃ ከላይ በአንገቱ በኩል ከገባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ቶሎ የሚደርቅ ጫማ ውሃ ከማያስገባ ጫማ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የሚያስተነፍሰው መረብ በጣም ሰፊ ከሆነ አቧራውን ይጠጣዋል፤ ጠበቅ ያለ ሽመና ያለውን ፈልጉ።

ሶሉን ገልብጣችሁ እዩት። ጥርሶቹ ተራርቀው ከተተከሉ ጭቃ ይለቃሉ። ተጠጋግተው ከሆነ መረሬው መሀላቸው ገብቶ ጠፍጣፋ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከዚያ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ካርቶን የሚታጠፍ ከሆነ ተዉት፤ ድንጋይ ላይ ውስጥ እግራችሁን ያደክመዋል።

ስለ ኮንጎና በረባሶ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ በእነሱ የሚያልፏችሁ ሰዎች ብዙ ናቸው። የገጠር ሰው በረባሶ አድርጎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ቆዳው ጠንክሯል፣ የእግሩ ጅማት ለምዷል። ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ የከረመ እግር ያንን በአንድ ቀን አያገኘውም። ሲሊፐር ወይም በረባሶ ግን ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ማታ ካረፋችሁ በኋላ ወይም ጫማችሁ እምቢ ካለ ይጠቅማችኋል።

ስለት ኖሯቸው በባዶ እግራቸው የሚሄዱም አሉ። የእምነት ጉዳይ ስለሆነ እኔ የምለው የለም። ሲመለሱ ግን እግራቸውን በሳሙና ታጥበው በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር ያድርቁ፣ የተቆረጠ ቦታ ካለ ያጽዱት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳቸውንም ያረጋግጡ። ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። በደጋው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ የሚኖር ሰው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። ጫማ ማድረግና እግርን አዘውትሮ መታጠብ ይከላከለዋል። ቤታችሁ የተቀመጠ ደህና ትርፍ ጫማ ካለ በየመንገዱ ለሚፈልገው ስጡት።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አዎ። ግን የተገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው፣ በባዶ እግሩ መሮጥም ለምዶታል። ባልለመደው አዲስ ጫማ ከመሮጥ የለመደውን መረጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማና በካልሲ ሮጦ ደገመው።

ሱቅ ውስጥ

ከሰዓት በኋላ ሂዱ። የመንገድ ካልሲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስስ ካልሲ ተለክቶ በወፍራም የሚደረግ ጫማ ቢያንስ ግማሽ ቁጥር ይጠባል።

የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጡትና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በጎን ካለፈው ጫማው ጠባብ ነው፣ ርዝመቱ ቢበቃም እንኳን። ከዚያ ጫማውን አድርጉና ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን ወደ ፊት ግፉት። ከተረከዛችሁ ጀርባ አንድ ጣት መግባት አለበት። ክሩን አስራችሁ ተራመዱ። ተረከዛችሁ ትንሽ ቢነሳ ችግር የለም፤ ካልሲው ሲፋተግ ከተሰማችሁ ግን ያ ጫማ ዝቋላ ላይ ይልጣችኋል።

ዋናው ፈተና ደረጃ ነው። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሕንፃው ደረጃ አለው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ደረጃውን ውረዱ፣ ጠንከር አድርጋችሁ እየረገጣችሁ። ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከነካ መልሱት። አሥር ደረጃ ላይ የነካ ጣት አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለት ላይ ጥፍሩን ያጣል።

ሻጩ «ይለቃል» ይላችኋል። ቆዳ በጎን ትንሽ ይለቃል፣ እውነት ነው። በርዝመት ግን አይለቅም። ሸራና ላስቲክ ደግሞ በየትኛውም በኩል ብዙም አይለቅም። የሚመች ጫማ ሱቅ ውስጥም ይመቻል።

ሴቶች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሴት ተብሎ የሚሸጠው ጫማ ብዙውን ጊዜ ተረከዙ ጋ ጠበብ ያለ ነው፣ ተረከዛችሁ የሚነሳ ከሆነ እሱን ሞክሩ። እግራችሁ ፊት ለፊቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የወንድ የተባለውን ለመሞከር አታመንቱ። ስሙን አትዩት፣ ልኩን እዩ።

ሰልባጅ ከሆነ

ሰልባጅ ጫማ እወዳለሁ። አዲሱን የማንችለውን ጥሩ ጫማ በእጅ የምናስገባበት መንገድ ነው። ግን ሦስት ነገር እዩ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረማመድ ተቀርጾበታል፣ ጉልበታችሁ ይከፍላል። ከሶሉ በላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም የተሸበሸበ መስመር ከሞላው ሞቷል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንዳንድ ቡትስ መሀሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ይህ ነገር ባይደረግም በእርጥበት ብቻ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበሰብሳል። ላዩ አዲስ የሚመስል፣ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቡትስ መንገድ ላይ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር ብሎ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ስትገዙ አጥብቃችሁ እጠፉት፣ ጎኑን በጥፍር ፋቁት። ቢፈረፍር ወይም ቢያጣብቅ ተዉት። ማስቲሽም አያድነውም፣ ምክንያቱም የተበላሸው ማጣበቂያው ሳይሆን ራሱ ሶሉ ነው።

ካልሲ

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስን።

ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ግን አይለቅም። እርጥብ ካልሲ ቆዳን ያለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ይላጣል። ለቢሮ ጥጥ ጥሩ ነው። ለ30 ኪሎ ሜትር አይሆንም። የሚሆነው ሱፍ፣ በተለይ ሜሪኖ የሚባለው ቀጭኑ ሱፍ፣ ወይም ፖሊስተርና ናይለን የሚበዛበት የስፖርት ካልሲ ነው። ሱፍ ቢረጥብም እግርን አያቀዘቅዝም፣ ቶሎም አይሸትም። ፖሊስተሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ችግሩ ገበያችን ውስጥ ብዙ ካልሲ ጽሑፍ የለውም፣ ወይም የተጻፈው አይታመንም። ስለዚህ ሁለት ዘዴ አለኝ። አንደኛው ውሃ ነው፤ አንድ ጠብታ ካልሲው ላይ ጣል አድርጉ፣ ወዲያው ከጠጣውና እዚያው ከቀረ ጥጥ መብዛቱን ጠርጥሩ። ሁለተኛው እሳት ነው፤ አንድ ጥንድ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ከውስጡ ክር ስባችሁ በክብሪት አቃጥሉት፣ በሳህን ላይ ተጠንቅቃችሁ። ወረቀት ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ከሆነ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ሲቀልጥም ሲነድም ካያችሁት ድብልቅ ነው። ከተስማማችሁ ተመልሳችሁ ከዚያው ሰው ሁለት ጥንድ ጨምሩ።

ካልሲውን ገልብጡና የጣቱን ስፌት በእጃችሁ ዳሱት። ወፍራም ገመድ የመሰለ ስፌት ካለ ጣታችሁን ሲፈጭ ይውላል። ቁመቱ ከጫማው አንገት በላይ መሆን አለበት፤ አጭር ካልሲ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት የጫማው ጠርዝ ባዶ ቆዳ ያገኛል። ልኩም ትክክል ይሁን። የተረፈ ካልሲ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ሥር ውሃ ይቋጥራል። «ሁሉም ቁጥር» ተብሎ የሚሸጠው እግሩ ትንሽ ለሆነ ሰው እንደማይሆን በእህቴ እግር አይቻለሁ።

ቶሎ ለሚላጥ እግር ደግሞ ድርብ ካልሲ አለ። ከሥር ስስ፣ ከላይ ወፈር ያለ። መፋተጉ በሁለቱ ካልሲዎች መሀል ይሆናል፣ ቆዳችሁ ያርፋል። ለሥሩ ልዩ ነገር መፈለግ የለባችሁም፤ የሴቶች አጭር ስስ ስቶኪንግ ይበቃል፣ ለወንዱም። መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን አላመንኩም ነበር፣ አሁን ያለሱ አልወጣም። ለሁለቱ ቦታ የሚበቃ ጫማ ግን ይኑራችሁ። ጠባብ ጫማ ላይ ካልሲ መደረብ ነገሩን ያባብሰዋል።

ስንት ጥንድ? ሦስት። አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ለቅያሬ፣ አንዱ ደግሞ ሳይነካ በፌስታል ታስሮ ለማታ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ጫማ እንላለን። እባካችሁ ጫማ አታስመጡ፤ ሳይለካ የተገዛ ጫማ ነው፣ የአሜሪካው ቁጥር የወንድና የሴቱ ይለያያል፣ ቢጠብ የሚመልሰው የለም። የሱፍ ካልሲ በሉ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ እንደ ጫማ ልክ አያስቸግርም፣ እዚህ እንደ ልብ የማይገኘውም እሱ ነው።

ማላመድ

ጫማው ከመንገዱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቤት ይግባ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማታ ማታ አድርጉት፤ ካልቆሸሸ ሊቀየር ይችላል። ከዚያ ሥራ አድርጋችሁት ሂዱ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ውጡና ውረዱ። እንጦጦ ለአዲስ አበባ ሰው ከምንም የተሻለ መፈተኛ ነው፣ በተለይ መውረዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህንን አድርጉ፣ መጨረሻው ላይ የምትይዙትን ቦርሳ ከነውሃው ተሸክማችሁ። ጭነት እግርን ይዘረጋዋል፣ ያለ ቦርሳ የተመቸ ጫማ ከነቦርሳው ሊጠብ ይችላል።

እንጦጦ ላይ የሞቀው ቦታ ዝቋላ ላይ ይላጣል። ያንን ቦታ አስታውሱት።

ክር አስተሳሰር

ይህ ገንዘብ አያስወጣም፣ ግን ብዙ ይቀይራል። ጣቶች ጋ ያለውን ክር ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ጋ ያለውን ጠበቅ አድርጉ። ብዙ ስፖርት ጫማ ላይ ከሁሉ በላይ፣ ወደ ኋላ ገባ ብላ የምትታይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለች። እሷ ለጌጥ አልተበሳችም። ክሩን በየጎኑ በራሱ ወገን ወደ እሷ አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ወደ ታች ሳቡና እሰሩ። ተረከዛችሁ ወዲያው ሲያዝ ይሰማችኋል።

ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ቁሙና ክሩን እንደገና እሰሩ። አንድ ደቂቃ ነው፣ ጥፍራችሁን ያድናል። የእግራችሁ ላይኛው ጀርባ ካመማችሁ ደግሞ ያመማችሁ ቦታ ላይ ክሩን ሳታቆላልፉ በአንድ ቀዳዳ ዝለሉት።

በመንገዱ ቀን

ጥፍር ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ቆርጣችሁ ጨርሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ጥጉን ሳታጎደጉዱ። ጠዋት በጣቶቻችሁ መሀልና ተረከዛችሁ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። እንጦጦ ላይ የሞቀው ቦታ ካለ ቫዝሊኑን እዚያ አትቀቡ፣ ፕላስተር ለጥፉበት። በቅባት ላይ ፕላስተር አይዝም።

በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጥላ ፈልጋችሁ ጫማም ካልሲም አውልቁ። እግራችሁ ይናፈስ። አቧራውን አራግፉ፣ ካልሲ ቀይሩ፣ የወለቀውን ቦርሳችሁ ላይ አንጠልጥሉት፤ በመጋቢት ፀሐይ እየሄዳችሁ ይደርቃል። ሰው «ይመሽብናል» ብሎ ይጣደፋል። አሥር ደቂቃ ያረፈ ቡድን ማታ ቀድሞ ሲደርስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ቦታ ሲሞቃችሁ ወይም ሲያቃጥላችሁ፣ ያኔውኑ ቁሙ። «እዚያ ዛፍ ስደርስ» አትበሉ። ቆዳው ከመላጡ በፊት ያለችው ደቂቃ እሷ ናት። ጠጠር ከሆነ አውጡት፣ የካልሲ እጥፋት ከሆነ አስተካክሉት፣ ካልሆነ ፕላስተር።

በጥቅምት መረሬው ሶላችሁ ላይ ሲጋገር በእንጨት እየፋቃችሁ ሂዱ፣ ከተቻለም የመንገዱን ዳር ሣር ሣሩን።

ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ ጫማ ይወልቃል። ይህንን አስቡበት፤ ላብ ያለበት ካልሲ መሬት ሲነካ አቧራና ገለባ ሰብስቦ ይመለሳል፣ ያው ካልሲ ጫማ ውስጥ ከገባ የቁልቁለቱ መንገድ በሙሉ ጠጠር ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት አሮጌ ካልሲ አደርጋለሁ፣ ስወጣ አወልቀዋለሁ፣ እግሬን በጨርቅ አብሼ ደረቁን አደርጋለሁ። ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። በበዓል ቀን ከዚያ ሁሉ ጫማ መሀል የራስን ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ውሃ ከቋጠረስ?

ትንሽ ከሆነና ካልፈነዳ አትንኩት፣ ሸፍኑት። ትልቅ ከሆነና መርገጥ ከከለከላችሁ ቦታውንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ መርፌ በአልኮል አጽዱ፣ ከጫፉ በኩል በስታችሁ ውሃውን ጨምቁ። የላዩን ቆዳ አትላጡት፤ ከእሱ የተሻለ ሽፋን የለም። ከዚያ በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ ፕላስተር አድርጉ። በማግስቱ ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ይህንን በራሳችሁ አታድርጉት። የእግር ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ቁስሉ ሳይታወቃችሁ ይብሳል። ከመንገዱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ በባዶ እግር አትሂዱ፣ በየዕረፍቱ ውስጥ እግራችሁን በዓይን እዩ፤ ለራሳችሁ ማየት ካስቸገራችሁ አብሯችሁ ያለ ሰው ይይላችሁ።

ስትመለሱ

እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጥባችሁ አድርቁ። ጫማውን ግን ለነገ አትበሉት። መረሬ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ክሩን ፍቱ፣ ጭቃውን በብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቁ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት። ከሰል ዳር ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጠርዙ ትንሽ ከተከፈተ ለጫማ ሰፊ ወስዳችሁ ከማስቲሹ በተጨማሪ ዙሪያውን በክር እንዲሰፋው ንገሩት። ካልሲዎቹን ገልብጣችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ተረከዙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ያ ካልሲ ከእንግዲህ የቤት ነው።